ወደ ካያምቤ የተላከ አደራ

አገር ቤት የሚሄድ ሰው ኤርፖርት ሸኝታችሁ ታውቁ ይሆናል። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ እየጎተተ፣ ሌላ ደግሞ በትከሻው አንጠልጥሎ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ የራስህ የቱ ነው ብትሉት ቆም ብሎ ያስባል። ቆይቶ የጥርስ ብሩሹን ያስታውሳል። ሌላው የሰው ነው። ቫይታሚኑ ለእገሌ እናት፣ ጫማው ለእገሊት ወንድም፣ በካልሲ የተጠቀለለው ስልክ ደግሞ መልኩን እንኳ ለማያውቀው ሰው። ምን እናድርግ? ሰው ሲሄድ እያየን ምንም ሳንልክ መቅረት አይሆንልንም። ባዶ እጁን የሚሄድ መንገደኛ ስናይ የሆነ ነገር የባከነ ይመስለናል።

እኔ ግን የሄድኩት አገር ቤት አልነበረም። ኢኳዶር ነው። ኢኳዶርም ከተማው ሳይሆን ካያምቤ የሚባል፣ አናቱ ዓመቱን ሙሉ በበረዶ የተሸፈነ ተራራ። እዚያ ላይ ዘመድ ያለው ሐበሻ ሲያትል ውስጥ አላውቅም። ስለዚህ በዚህኛው መንገድ እንኳ የራሴን ዕቃ ብቻ ይዤ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። እንዴት እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ እኔና ተራራ ምን አገናኘን? ተገቢ ጥያቄ ነው። አክስቴም ጠይቃዋለች።

የምሠራው የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ ነው። አዲስ የገቡ መጻሕፍት ወደ መደርደሪያ ከመውጣታቸው በፊት በእኔ እጅ ያልፋሉ። መጽሐፍ አይጮህም፣ አይቸኩልም፣ ሰኞ ጠዋት ዊኬንድሽ እንዴት ነበር አይልም። ተስማምተን እንኖራለን። ከሰው ጋር ሲሆን ነው ቃል የሚጠፋብኝ። ምግብ ቤት ያላዘዝኩትን ቢያመጡልኝ እበላዋለሁ። አንድ ጊዜ ኖርዝጌት መውረድ ሲገባኝ፣ የባቡሩ በር ላይ የቆመውን ግዙፍ ሰውዬ "ይቅርታ፣ አሳልፈኝ" ማለት ከብዶኝ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄጃለሁ። ሰውዬውም የሚወርደው እዚያ ነበር። አብረን ወረድን።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አለቃዬ ሜጋንና ዴቭ ስለ ጉዞ ያወራሉ። ዴቭ እኛ ክፍል ነው የሚሠራው፤ ለላይኛው መደርደሪያ መሰላል የማያስፈልገው፣ ቅዳሜና እሁድን ተራራ ላይ ካላሳለፈ ሰኞ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ሰዎችን በመሪ ካያምቤ ላይ የሚያወጣ ድርጅት አግኝተዋል። ድርጅቱ ግን ከሦስት ሰው በታች አልቀበልም ብሏቸዋል። ሜጋን ሳንድዊቿን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረችና፣ አንቺ ከደጋ አገር አይደል የመጣሽው፣ ለምን አትመጪም አለችኝ።

"ደስ ይለኛል" አልኩ።

ይህ መልስ እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ይታወቃል። ጨዋ እምቢታ ነው። ጠያቂው እንደገና ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ "እስቲ እናያለን" ይባላል። አሁንም ሲጠይቅ "ሥራ ባይበዛ ጥሩ ነበር" ይባላል፤ ነገሩም ማንም ሳይቀየም ቀስ ብሎ ይሞታል። ሜጋን ግን ሁለተኛ አልጠየቀችም። አሜሪካ አንዴ ነው የሚጠየቀው። በማግስቱ ጠዋት ስሜ ገብቶ፣ የበረራው ቀን ተቆርጦ፣ ዴቭ የጫማ ቁጥሬን ሊጠይቅ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ። እኔ ከቀረሁ እነሱም ይቀራሉ። አሁን ይኼ እንዴት ተደርጎ ይመለሳል?

ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው የሄደበትን ሳነብ ነው የኖርኩት። ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቼ፣ በረዶ ላይ በገመድ ተያይዘው ስለሚሄዱ ሰዎች ስንቱን ገጽ ገልጫለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ራሴ እዚያ ብቆም አልኩ። ጫፉ ላይ መቆም ፈለግኩ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በጣም ነው የፈለግኩት።

ልምምድ ጀመርን። ዴቭ ቦርሳሽን ከባድ ነገር ሙዪበትና ዳገት ውጪ አለኝ። ሰው ውሃ ይሞላል፣ አሸዋ ይሞላል። እኔ የሞላሁት ምን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። በተለይ አንድ ባለ ሁለት ቅጽ መዝገበ ቃላት ነበረኝ፤ ከገዛሁት ጀምሮ በሚገባ የጠቀመኝ ያን ጊዜ ነው። ሲያትል አጠገብ ያለው ማውንት ሳይ ተራራ ላይ እነ ሜጋን አረፍ ሲሉ እኔ ከቦርሳዬ ክብደት አንዱን አውጥቼ አነብ ነበር።

የምኖረው ስካይዌይ ነው፣ ከአክስቴ ከአልማዝ ጋር። ጉዞውን ስነግራት ወጥ እያማሰለች ነበር። ማማሰሏን አላቆመችም።

"እኛ ከተራራ ወርደን እዚህ ለመድረስ ያየነውን አይተን፣ አንቺ ደግሞ ፈልገሽ ልትወጪ?" አለች።

ከዚያ በላይ አልተናገረችኝም። ለሰው ግን ተናገረች። አክስቴ ቤት ዓርብ ዓርብ የጸሎት ኅብረት አለ። ከኦቴሎም፣ ከሬንተንም፣ አንዳንዴ ከኖርዝጌትም ሰው ይመጣል። እኔ ብዙ ጊዜ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ሰው ሲያልፍ የምትነሳዋ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። የዚያን ዓርብ ግን መሐል ላይ አስቀመጡኝ። መንገደኛ ነኛ። ጸለዩልኝ። ሲጨርሱ ኅብረቱን የሚመሩት ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ታደሰ አገር ቤት ሒሳብ ያስተምሩ ነበር፤ ሲናገሩ አሁንም ጥቁር ሰሌዳ ከኋላቸው ያለ ይመስላል።

"እህታችን፣ እዚያ ድረስ ከወጣሽ አይቀር፣" አሉ፣ "የኛንም ጉዳይ ይዘሽ ብትወጪልን።"

ከጌታ ፊት ሁሉም ቦታ እኩል መሆኑን ጋሽ ታደሰ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ራሳቸው ናቸው የሚያስተምሩን። ግን ሰው እየሄደ ነው። እንዴት ምንም አይላክም?

ተጀመረ። ወንድም ዮናስ ሚስት ፈለገ። ሚስት ብቻ ሳይሆን ቁመቷን፣ ጠባይዋን፣ ቢቻል ከነርሶች ወገን እንድትሆን ጨምሮ ነገረኝ። እህት ሰናይት፣ "ልጄ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ በአማርኛ እንድትመልስልኝ ጸልዪልኝ" አለች። ልጅቷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ "ማም፣ ስቶፕ" አለች። አንዱ ወገቡን፣ አንዷ የእህቷን ቪዛ፣ ሌላው ከላይ ያለው ጎረቤቱ ሌሊት ዕቃ መጎተት እንዲተው። ሁሉም ሲጨርስ "ጫፉ ላይ ስትደርሺ፣ እሺ?" ይላል። ጫፉ ላይ። አንድም ሰው የተራራው ወገብ ላይ ስትደርሺ ያለኝ የለም። እኔም ለሁሉም "እሺ" አልኩ። ካልጠፋ ቃል እሱ ነው የሚቀናኝ።

የመጨረሻዋ እትዬ አስካለ ናቸው። ሰው ፊት አልተናገሩም። ወጥ ቤት ተከትለውኝ ገቡ።

እትዬ አስካለ ኦቴሎ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው የሚኖሩት። ኤርፖርት ውስጥ ምግብ ቤት ይሠራሉ። ሥራ የሚገቡት ባቡሩ ራሱ ከእንቅልፉ ሳይነሳ ስለሆነ ጎረቤታቸው ናት በመኪናዋ የምታደርሳቸው። ጎረቤቲቱ ደግሞ በጋው ሲያልቅ ቴክሳስ ልትገባ ነው። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ተፈትነው ተፈትነው ወድቀዋል። ሁልጊዜም የሚጥላቸው አንድ ነገር ነው፤ ሁለት መኪና መሐል ወደ ኋላ ገብቶ ፓርክ ማድረግ።

"ልጄ፣ የኔ ትንሽ ናት። አታስቸግርሽም" አሉኝ።

"ምንም አይደል እትዬ፣ ይንገሩኝ።"

"የሚያሳየኝ ሰው እንዲሰጠኝ ነው የምፈልገው። የወንድሜ ልጅ አንድ ቀን አሳየኝና ሁለተኛ አልመጣም። ወንዶቹ ይጮኻሉ። ሲጮኹብኝ ደግሞ እኔ ፍሬኑን እረሳዋለሁ። ሴት ብትሆን። ረጋ ያለች። መኪናዋም አነስ ቢል፤ ትልቅ መኪና ለፓርክ አይመችም።"

"ረጋ ያለች፣ መኪናዋ አነስ ያለ" እያልኩ በልቤ ያዝኩ። የሰው አደራ ነው፣ መዛነፍ የለበትም።

እትዬ አስካለ አልሄዱም። የውሃ ብርጭቆ አንስተው መልሰው አስቀመጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ትሠሪያለሽ አሉኝ።

"አነባለሁ።"

"ማንበብ ጥሩ ነው" አሉና በረጅሙ ተነፈሱ። በጣም ተጨንቀዋል ማለት ነው ብዬ አዘንኩ። አይዞዎት እትዬ፣ የእርስዎን በተለየ ሁኔታ ነው የምጸልየው አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና፣ "ጌታ ይባርክሽ" ብለው ወጡ።

እንግዲህ ሄድኩ። ሻንጣዬ ሲመዘን ምንም አልነበረበትም። የሚከብደው የት እንዳለ ማን በሚዛን ያያል?

ካያምቤ እንግዳ ተራራ ነው። ምድር ወገብ በጎኑ ያልፋል ይላሉ። በትምህርት ቤት ምድር ወገብ ማለት ሙቀት ነው ብለው ነበር ያስተማሩን። የልብስ መዓት ደራርቤ፣ አፍንጫዬ መኖሩን በእጄ እየዳሰስኩ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪያችንን በልቤ ታዘብኩ። የእኔና የዴቭ መሪ ሴጉንዶ የሚባል አጭር፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ሜጋን ሌላ መሪ ነበራት። ከበረዶው በታች ካለችው የተራራ ማረፊያ ቤት ሆነን ሴጉንዶ ሕጉን ነገረን። ሦስታችን በአንድ ገመድ እንታሰራለን፤ እሱ ፊት፣ እኔ መሐል፣ ዴቭ ኋላ። አንዱ ካልቻለ ሦስታችንም እንመለሳለን። ገመዱ አይቆረጥም፣ ሰውም ለብቻው አይሄድም።

ዴቭ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አይዞሽ፣ ደክሞሽ ብትመለሺ እኔ አልቀየምሽም ማለቱ ነው። እኔም የፈራሁት ይኼንኑ ነበር። ዴቭን አስመልሼ፣ የሰውን አደራ ሳላደርስ፣ ጫፉንም ሳላይ።

በረዶ ላይ የሚወጣው በጨለማ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በረዶው ይለሰልሳል። ጫማችን ሥር የብረት ጥርስ አስረን፣ ግንባራችን ላይ መብራት አድርገን ወጣን። ስለዚያ ሰዓት የምነግራችሁ ብዙ የለኝም። መተንፈስ ሥራ ሆኖ ያውቃል? ሥራ ነው። ደሞዝ ሊከፈልበት ይገባል። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ማረፍ፣ ከዚያ ሌላ እርምጃ። አእምሮዬ እንዳይጠፋ የዮናስን ሚስት ቁመት እደጋግም ነበር። ወገብ፣ ቪዛ፣ ጎረቤት፣ ረጋ ያለች ሴት፣ አነስ ያለ መኪና። ገርሞኝ የነበረው አለመሸነፌ ነው። ደክሞኛል፤ ግን እሄዳለሁ። ያን መዝገበ ቃላት ተሸክሞ የወጣ ሰው አየር ብቻ ተሸክሞ ሲወጣ ለካ ይቀለዋል።

ሰማዩ መቅላት ሲጀምር ጫፉ ታየ። ነጭ፣ ክብ፣ እዚያው አጠገባችን። የሜጋን ገመድ ልትደርስ ነው። ሴጉንዶ ዞር ብሎ ትንሽ ነው የቀረው አለኝ። የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ብርዱ ከለከለኝ።

ይኼኔ ከኋላዬ ዴቭ ጠራኝ። ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈተው በስንት ሰዓት ነው አለኝ።

ቀልድ መሰለኝ። ነገርኩት። ጥቂት እንደሄድን ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈተው በስንት ሰዓት ነው አለኝ። ዞር ብዬ አየሁት። የግራ እጁን ጓንት ቀኝ እጁ ላይ ሊያጠልቅ ይታገላል። እርምጃው መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነው። ከፍታ ሰው ራስ ላይ ሲወጣ እንዲህ እንደሚያደርግ አንብቤያለሁ፤ ስለዚህ ያላነበብኩት የለም። ሴጉንዶ ከፊት ቆመና ሁሉ ደህና ነው ወይ ብሎ ጮኸ።

"አይም ጉድ" አለ ዴቭ።

ለካ እነሱም አላቸው። የእኔ "ደስ ይለኛል" እና የዴቭ "አይም ጉድ" የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሰውዬው እየወደቀ ነው፤ ግን እኔን ማስመለስ ነውር ሆኖበታል።

ነፋሱ ከፊት ወደ ኋላ ነው የሚነፍሰው። ሴጉንዶ የዴቭን ወሬ አልሰማም። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። አሁን ተመልከቱ። ጫፉ እዚያ ነው። ዝም ብል ማን ያውቃል? እንደርሳለን፣ ጸሎቴን አደርሳለሁ፣ ፎቶ እነሳለሁ፣ እንወርዳለን። ደግሞ ሰውዬው ራሱ ደህና ነኝ ብሏል። እኔ ማን ነኝና ትልቅ ሰው በሰው ፊት ውሸታም የማደርገው? ዝም ማለት ደግሞ ሙያዬ ነው። በዓለም ላይ ከምችለው ነገር ሁሉ እሱን የሚያህል የለም።

ዴቭ እንደገና ጠራኝ። ቤተ መጻሕፍቱ፣ አለኝ።

"ሴጉንዶ፣ ደህና አይደለም" አልኩ። ነፋሱ ድምፄን ወሰደው። እንደገና አልኩ። ሴጉንዶ መንገዱን ቀጠለ፣ ገመዱም ሳበኝ። ያን ጊዜ ጮኽኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለኝም አላውቅም ነበር። ሜጋን እዚያ ላይ ሆና ሰምታዋለች።

ሴጉንዶ መጣ፣ የዴቭን ዓይን አየ። ዴቭ "አይም ጉድ" አለና ተቀምጦ አስታወከ። አለቀ። እንወርዳለን።

ከመዞራችን በፊት ግን ሴጉንዶን ትንሽ ጊዜ ስጠኝ አልኩት። ዴቭን ውሃ እስኪያጠጣውና ልብሱን እስኪያስተካክልለት ሰጠኝ። ጫፉን ቀና ብዬ አየሁት፣ ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጌታ ሆይ፣ እዚያ ብለውኝ ነበር፣ እዚህ ሆነ፤ ቀሪዋን መንገድ አንተ ጨርሳት አልኩ። ከዚያ አንድ በአንድ አደረስኩ። ቸኩዬ ስለነበር የዮናስ ሚስት ከወገብ ሕመሙ ጋር ሳትደባለቅ አልቀረችም። ለእትዬ አስካለ ግን ቃሌን ጠበቅኩ። ረጋ ብዬ፣ ምንም ሳላጎድል፣ የምታሳያቸው ሰው ስጣቸው፣ ሴት ትሁን፣ የማትጮኽ፣ መኪናዋ ትንሽ የሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ጊዜ ያላት አልኩ። ቅዳሜን ከራሴ ነው የጨመርኩት፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ስለሚገቡ ይመቻቸዋል ብዬ ነው።

ዓይኔን ስገልጥ ሴጉንዶ የራስ ቁሩን አውልቆ ቆሟል። ለማን ነው አለኝ። ለሲያትል ሰዎች አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ የእኔም ልጅ ፈተና አለባት አለኝ። እሱንም ጨመርኩ። ከዚያ ወረድን።

ዴቭ ወደ ታች በወረድን ቁጥር እየተሻለው መጣ። ማረፊያ ቤቷ ስንደርስ ሾርባ ጠየቀ፤ ሁለተኛም ጠየቀ። ሜጋን ጫፉ ላይ የተነሳችውን ፎቶ አሳየችን። ጥሩ ፎቶ ነው። ብዙ ሰማይ አለው። እንዳላለቅስ ስለ ሰማዩ ብዙ አወራሁ።

ሲያትል ስገባ ዓርብ ደረሰ። መሐል አስቀመጡኝ።

"ደረስሽ?" አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

"አልደረስኩም።"

ምን ያህል ቀረሽ አሉ። ትንሽ ነው አልኩ፤ የዴቭንም ነገር ነገርኳቸው። ዕቃ ልኮ አልደረሰም የተባለ ሰው ፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱን ነው ያየሁት። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ጋሽ ታደሰም ጌታ ርቀት አይቆጥርም፣ ወንድምሽን አድነሻል፣ ይበልጣል አሉ። አሜን ተባለ። አሜኑ ግን ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ነበር።

ከዚያ መልስ መግባት ጀመረ። የቪዛዋ እህት ቀጠሮ አገኘች። ዮናስ ጽሑፍ ልኮላት ዝም ብላው የነበረች ልጅ "ማን ልበል?" ብላ መለሰችለት። ይኼ መልስ ነው ወይ ብንለው፣ መልስ መልስ ነው አለ። የሰናይት ልጅ ደግሞ እናቷ ልብስሽን አንሺ ስትላት በጠራ አማርኛ "አልፈልግም" አለች። ሰናይት ስልክ ደውላ አመሰገነችኝ። የጎረቤቱን ዕቃ ነገር እስካሁን አልሰማሁም።

እትዬ አስካለ ግን ተፈተኑና ወደቁ። ሁለት መኪና መሐል ገብተው፣ ልክ ሊጨርሱ ሲሉ የእግረኛውን ጠርዝ ወጡበት። ሲነግሩኝ አልተቆጡም።

"ምን ያህል ነበር የቀረሽ ያልሽው?" አሉኝ።

"ትንሽ፣ እትዬ።"

"እኔም ትንሽ ነው የቀረኝ" አሉ። ጎረቤታቸው ዕቃ ማሸግ ጀምራለች። እንደገና እንደዚያ አዩኝ፣ እንደገና ተነፈሱ፣ ቅዳሜሽ እንዴት አለፈ አሉኝ። አነበብኩ አልኩ።

ልቤ አላረፈም። አንድ ሰው በእኔ ጉድለት ሥራ ሊያጣ ነው። ስለዚህ ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ዴቭን ያዝኩትና ካያምቤ ልመለስ ነው አልኩት። ያኔ ተራራው ላይ ከጮኽኩ ወዲህ ዴቭን ማናገር አይከብደኝም። ለምን አለ። ነገሩን ነገርኩት። የእትዬ አስካለን ምን ብለሽ ነው የጸለይሽው፣ እንዳለ ተርጉሚልኝ አለኝ። ተረጎምኩለት።

ዴቭ ማኘኩን አቆመ።

"መኪናሽ ትልቅ ነው?" አለኝ።

"ትንሽ ናት።"

"ሴት ነሽ።"

"አዎ።"

"ቅዳሜ ምን ትሠሪያለሽ?"

ሹካዬን አስቀመጥኩ።

"ትጮኺያለሽ?"

"አንድ ጊዜ ብቻ" አልኩ። "አንተን ለማውረድ።"

ሳንድዊቹን ማኘክ ቀጠለ። እኔ ግን ያዘዝኩትን እንኳ መብላት አቃተኝ። ማታ ቤት ስገባ አክስቴን ጠየቅኳት። እትዬ አስካለ ፈልገው የነበረው እኔን ነው እንዴ አልኳት። አልማዝ ማማሰያዋን የድስቱ ጠርዝ ላይ አስደገፈች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገብቶኛል አለች። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

"የሰው ዕቃ ይከፈታል እንዴ?" አለች። "ላንቺ የተላከ ነው።"

ቅዳሜ ጠዋት ኦቴሎ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። እትዬ፣ ጊዜ ካለዎት ፓርክ ማድረጉን አብረን ብንሞክር ብዬ ነበር አልኳቸው። በጣም ደነገጡ። አይ ልጄ፣ አላስቸግርሽም አሉ። ማንበብሽስ አሉ። እረፍትሽን ላበላሽብሽ አሉ። ይኼን ሁሉ የሚሉት ግን ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ የመንዳት ጫማቸውን አስረው ነው። በደንቡ መሠረት ደጋግሜ ለመንኳቸው። በደንቡ መሠረት እሺ አሉ።

የቤተ ክርስቲያናችን መኪና ማቆሚያ ባዶ ነበር። ሁለት የቆሻሻ በርሜል አራርቄ አቆምኩና እነዚህ መኪኖች ናቸው አልኳቸው። እትዬ አስካለ የኋላውን መኪና ገጩት። አልጮኽኩም። አነሳሁት። ደግመው ገጩት። አሁንም አነሳሁት። ወደ ቀትር ገደማ አንድ ጊዜ በርሜሉን ሳይነኩ ገቡ። ሞተሩን አጥፍተው እጃቸውን መሪው ላይ እንዳደረጉ ወደ እኔ ዞሩ።

"ከስካይዌይ እኔ ቤት ሩቅ ነው እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ ቅርብ ነው።"

"የኔ ጉዳይ ግን በኢኳዶር ዞሮ ነው የመጣው" አሉ።

ምን እላለሁ? ሻንጣ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ እዚህ ቆሞ እሱ ሌላ አገር ይዞራል። ፈተናው ገና ነው፣ ጎረቤታቸውም እስካሁን አልሄደችም። እትዬ አስካለ ሞተሩን አስነሱና መስታወቱን እያዩ ቀስ ብለው ወደ ኋላ መምጣት ጀመሩ።

"ለመሆኑ፣" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳያነሱ፣ "ሐሙስ ከሥራ በኋላ ምን ትሠሪያለሽ?"

አነባለሁ ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ይህችን እንኳ ተራራ ሳልወጣ ገባችኝ።